ቆንጆ ፎቶ በስልክ፦ ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ጀምሩ

ስልኩ ደህና ነው። ሰዎቹ ያምራሉ። ቤቱም ሞቅ ብሏል። ፎቶው ጋለሪ ውስጥ ሲታይ ግን ቡና የምታፈላዋ እናት ከቴሌቪዥኑ፣ ከቻርጀር ገመዱና ከአንድ እንግዳ ጉልበት ጋር ተደባልቃለች። እዚያው ቁጭ ብላችሁ ሳለ ገመዱም ጉልበቱም አልታያችሁም። የሰው ዓይን የፈለገውን መርጦ ያያል። ካሜራ አይመርጥም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ እኩል ይቀዳል። መምረጡ የአንሺው ሥራ ነው።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ፊቱን ያያል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ጀርባው ትዝ የሚለው ፎቶው ከወጣ በኋላ ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። መጀመሪያ ብርሃኑ፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ ከዚያ የምትቆሙበት ቦታ፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ መጨረሻ ላይ።

ምሳሌያችን ቤት ውስጥ ቡና የምታፈላ እናት ናት። የመረጥኳት አስቸጋሪው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ስላለ ነው፦ ደብዘዝ ያለ ክፍል፣ ነጭ ልብስ፣ ጠይም ፊት፣ ጭስ፣ የተጨናነቀ ሳሎን። ይቺን ፎቶ ማንሳት የቻለ ልደቱም ምርቃቱም አይከብደውም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሌንሱን ጥረጉ። ቀልድ አይደለም። ስልክ ቀኑን ሙሉ ኪስና እጅ ውስጥ ስለሚውል ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት ይቀመጣል። ቅባቱ ብርሃን ይበትናል፤ ፎቶው ላይ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ግሪዱን አብሩ። አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ካሜራ የሚለውን ስትከፍቱ ታገኙታላችሁ። ሳምሰንግና ሌሎች አንድሮይዶች ላይ ካሜራውን ከፍታችሁ የማስተካከያ ምልክቷን ንኩ። ስክሪኑ በቀጭን መስመሮች ዘጠኝ ቤት ይሆናል። መስመሮቹ ፎቶው ላይ አይወጡም፤ አትፍሩ።

ፍላሹን «አውቶ» ላይ አትተዉት፤ ጨርሶ አጥፉት። ከፊት የሚመጣ ፍላሽ ግንባርና አፍንጫ ያብለጨልጫል፣ የክፍሉን ድባብ ይገድላል፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጥቁር ጥላ ይለጥፋል። «ቢዩቲ» የሚለውንም አጥፉ። የእናታችሁን ፊት እንደ ፕላስቲክ የሚያደርገው እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ፎቶው ስለ ምን እንደሆነ ወስኑ

ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት በልባችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር በሉ። «እማዬ ቡና ስትቀዳ።» በቃ። «እማዬ ቡና ስትቀዳ፣ እንግዶቹ ሲጫወቱ፣ አዲሱ ሶፋም እየታየ» ካላችሁ ያ ሦስት ፎቶ ነው። ሦስቱንም አንሱ፤ አንድ ላይ ግን አታጨናንቋቸው።

ዓረፍተ ነገሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ይወስንላችኋል። ለ«ስትቀዳ» ጀበናው፣ እጇ፣ ሲኒዎቹና ፊቷ ያስፈልጋሉ። ቴሌቪዥኑ አያስፈልግም።

አልመጣላችሁም? እንግዲያው ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ላይ እንዳረፈ አስታውሱ። ከጀበናው አፍ የሚወጣው እንፋሎት ላይ ከነበረ ፎቶው እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ብርሃኑን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብርሃኑ ከተበላሸ የቀሩት ደረጃዎች አያድኑትም።

ሀ. ክፍሉ ውስጥ ትልቁን መስኮት ወይም የተከፈተ በር ፈልጉ። ብርሃኑ ከጎኗ፣ ትንሽ ወደ ፊቷ አድልቶ እንዲመጣ አድርጉ። የጎን ብርሃን የፊትን ቅርጽ ያወጣል፤ ቀጥታ ከፊት ሲመጣ ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል።

ለ. ረከቦቱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ከሰሉ ከተያያዘና ቄጤማው ከተጎዘጎዘ በኋላ «እዚያ ተቀመጪ» ማለት ጭቅጭቅ ነው። ገና ሲጀመር «እማዬ፣ በርጩማሽን ወደ መስኮቱ ላስጠጋልሽ?» በሉ። ሰው ቤት ከሆነ «እማማ፣ ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉልኝ» ማለት ይበቃል።

ሐ. የጣሪያውን አምፖል አጥፉ። የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ቀለማቸው ይለያያል፤ ሲደባለቁ ፊቷ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይመስላል። መብራት ከሄደ ደግሞ ይቺ ሥራ በራሷ አለቀች።

መ. የዕጣኑ ጭስ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ከጭሱ ኋላ ጠቆር ያለ ነገር፣ እና ከጎን ወይም ከኋላ የሚመጣ ብርሃን። ጭስ ከነጭ ግድግዳ ፊት አይታይም። ማጨሻውን ጥቁር መጋረጃ ወይም ጨለም ያለ ኮሪደር ፊት አስቀምጡት። ይኸው ነው ምስጢሩ።

*ካልሠራ፦* ፊቷ ከጠቆረ ከኋላዋ መስኮት አለ ማለት ነው። እናንተ ወደ መስኮቱ በኩል ዙሩና መስኮቱን ጀርባችሁ ላይ አድርጉት፤ እሷም ወደ እናንተ ትዙር። መዞር ካልተቻለ መጋረጃውን ዝጉና ሌላ በር ክፈቱ። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ፊቷ ላይ ቁርጥራጭ ጥላ ከጣለ ስስ ነጭ መጋረጃ ሳቡበት፤ ብርሃኑ ይለሰልሳል።

ውጭ ስታነሱ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቀጥ ትላለች። ያን ሰዓት የተነሳ ሰው ዓይኑ ያለበት ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ከአፍንጫው በታች ጥላ ይወጣል። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ይሻላል። ፀሐይዋ በእኛ አገር ፈጥና ነው የምትጠልቀው፤ «ቆይ ትንሽ ይምሽ» እያላችሁ ብርሃኑ እንዳያመልጣችሁ።

ሰርጉ ወይም ምርቃቱ 6 ሰዓት ላይ ከሆነስ? ጥላ ፈልጉ። ሰዎቹን በረንዳ ጠርዝ ላይ፣ ጥላው ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጋችሁ አቁሟቸው። የዛፍ ጥላ ስር ግን ተጠንቀቁ፤ በቅጠል መሃል የሚሾልክ ፀሐይ ፊትን ዝንጉርጉር ያደርጋል።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ በታኅሣሥ ይህ ስጋት የለባችሁም። እዚያ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ፀሐይዋ ከአድማስ ወደ 28 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ከጎን ይመጣል። ዱባይ በሰኔ ግን ከአዲስ አበባ ሚያዝያ አይለይም።

ደረጃ 3፦ ጀርባውን አጽዱ

ስልኩን አውጡና ሴትየዋ የምትሆንበት ቦታ ላይ አነጣጥሩ። እሷን አትዩ። የፍሬሙን፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል፣ አራት ማዕዘን በዓይናችሁ ዙሩ፦ ከላይ ግራ፣ ከላይ ቀኝ፣ ከታች ቀኝ፣ ከታች ግራ። ምን አለ? የሶፋ ክንድ? ግማሽ ጫማ? የፕላስቲክ ከረጢት? ማንሳት የምትችሉትን አንሱ። የማይነሳውን በቦታ ለውጥ ሸሹት፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ መሄድ ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑን ከፍሬሙ ያስወጣዋል።

በተለይ ሦስት ነገር ፈልጉ።

የመጀመሪያው ከጭንቅላት የሚበቅል ነገር ነው። የመጋረጃ ዘንግ፣ የመብራት እንጨት፣ የአበባ ማስቀመጫ ልክ ከአናቷ ላይ የወጣ ይመስላል። ሁለተኛው አንገትን የሚቆርጥ አግድም መስመር ነው፤ የመስኮት ደፍ ወይም የሶፋ ጀርባ። ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ስትሉ መስመሩ ከአንገቷ ይለቃል። ሦስተኛው ደማቅ ነገር ነው። ዓይን ወደ ብሩህና ወደ ቀይ ነገር ይሮጣል። ጥግ ላይ ያለች አንዲት ቀይ የለስላሳ ሳጥን የእናታችሁን ፊት ትቀማለች።

*ካልሠራ፦* ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ጀርባው ከነጭራሹ ካልጸዳ እሷን ከግድግዳው አርቋት። ከኋላዋ 2 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ካለ ጀርባው ትንሽ ደብዘዝ ይላል፤ «ፖርትሬት» የሚለውን ከተጠቀማችሁም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ግን ፖርትሬት የጀበናውን ጆሮና የተንጨባረረ ፀጉር አንዳንዴ አብሮ ያደበዝዛል። ሁለቱንም ዓይነት አንሱና አወዳድሩ።

ደረጃ 4፦ ቦታችሁን ያዙ

*ቁመት።* ቡና የምታፈላ ሰው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ናት። ቆማችሁ ብታነሷት የሚወጣው አናቷና የወለሉ ምንጣፍ ነው። ተንበርከኩ። ሌንሱ ከዓይኗ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ልጆችንም እንዲሁ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይሄንን ብትወስዱ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው አንሺው ጉልበቱን ማጠፍ ስለሚሰንፍ ነው።

መሶብ ሲሆን በተቃራኒው ነው። እንጀራው ላይ የፈሰሰው ወጥ ቅርጹ የሚታየው ቀጥ ብሎ ከላይ ሲነሳ ነው። ስልኩን ከመሶቡ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ያዙ። የራሳችሁ ጥላ ምግቡ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድማችሁ እዩ።

*ርቀት።* በጣም አትጠጉ። ፊት ላይ ከተደቀናችሁ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ራቁና ስልኩን 2 እጥፍ ዙም ላይ አድርጉት። ከዚያ በላይ ስክሪኑን በጣት እየዘረጋችሁ ማቅረብ ግን ፎቶውን ይሰባብረዋል፤ ዙም ከምታደርጉ በእግራችሁ ሂዱ።

*ሌንስ።* 0.5 የምትለዋ ሰፊ ሌንስ ለጠባብ ክፍልና ለሕንፃ ነች። ጠርዝ ላይ የቆመን ሰው ትለጥጠዋለች። የአክስታችሁን ክንድ ያለ ጥፋቷ እጥፍ ካደረጋችሁባት ፎቶውን አታሳዩዋት።

ደረጃ 5፦ ፍሬሙን ሥሩ

አሁን ወደ ሴትየዋ ተመለሱ። ግሪዱ ላይ አራት የመስመር መገናኛዎች አሉ። ዓይኗን ከላይኛው መገናኛ በአንዱ ላይ አሳርፉት፤ ጀበናው በሰያፍ በታችኛው መገናኛ አካባቢ ይውላል። ተመልካቹ ከፊቷ ተነስቶ በክንዷ ወርዶ ጀበናው ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሲኒዎቹ።

ወደምታይበት በኩል ክፍት ቦታ ተዉ። ወደ ቀኝ እያየች ከሆነ እሷን ግራ አድርጓት። ተቃራኒውን ብታደርጉ ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር የተጋጨች ትመስላለች።

ስትቆርጡ መገጣጠሚያ ላይ አትቁረጡ። ጉልበት፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የተቆረጠ ፎቶ ያስደነግጣል። ጭን መሃል ወይም ደረት ላይ ቁረጡ። ጀበናውንም አስቡለት፦ አፉና ጆሮው ሙሉ ይግቡ። ረከቦቱ ወይ ሙሉውን ይግባ ወይ ደግሞ ሆነ ተብሎ በግልጽ ይቆረጥ፤ ጫፉ ላይ ግማሽ ሲኒ ማንጠልጠል ስህተት ይመስላል።

ጥልቀት ከፈለጋችሁ ከፊት አንድ ነገር ጨምሩ። ዝቅ ብላችሁ ሲኒዎቹን ከፍሬሙ ታች አስገቡ፣ እሷ መሃል ትሁን፣ እንግዶቹ ከኋላ ደብዘዝ ብለው ይታዩ። መንገድ፣ አጥር፣ ደረጃ ካለም መስመሩ ወደ ሰዉ እንዲያመራ ቁሙ።

መሃል ላይ ማድረግ ክልክል ነው የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ነገር መሃል ላይ ያምራል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ መስቀሉ መሃል ካልሆነ ምኑን ቤተ ጊዮርጊስ ሆነ?

እሱን ካነሳን አይቀር፦ ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ጠዋት ማለዳና ወደ ማታ ጣሪያው ፀሐይ ሲመታው ጉድጓዱ ገና ጥላ ውስጥ ነው። ደምቆ የወጣ መስቀል በጨለማ ውስጥ ከፈለጋችሁ ያ ሰዓት ይስማማችኋል። ግድግዳውና መስኮቶቹ እንዲታዩ ከፈለጋችሁ ግን ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ጠብቁ። ትልቅነቱ እንዲታወቅ ማዶ ጠርዝ ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው እስኪያልፍ ታገሡ። ስክሪን እያያችሁ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን አትራመዱ፤ ገደል ነው።

ደረጃ 6፦ ብርሃኑን ፊት ላይ ቆልፉ

የሀበሻ ልብስ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነው። ስልኩ ብዙ ነጭ ሲያይ «በጣም በራ» ብሎ ሁሉንም ያደበዝዛል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ይጠቁራል። ጥቁር ካባ ሲያይ ደግሞ በተቃራኒው ያበራዋል። ምርቃት ላይ ፊት ወዝ ያጣው ለዚህ ነው።

ስክሪኑ ላይ ፊቷን ተጭናችሁ ቆዩ፤ ብዙ ስልኮች ላይ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። አጠገቡ የፀሐይ ምልክት ይመጣል። ፊቷ እስኪታይ በጣታችሁ ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት። የጥበቡን ጥልፍ እያያችሁ ሳቡ፤ ጥልፉ መጥፋት ሲጀምር ይበቃል፣ ትንሽ መልሱት።

*ካልሠራ፦* ፊቷ ሲበራ ልብሱ ከጠፋ፣ ልብሱ ሲመጣ ፊቷ ከጠቆረ፣ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ፊቷ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አንሷል። ነጭ ወረቀት ወይም ትሪ በመስኮቱ ተቃራኒ በኩል ያዙላት፤ ብርሃኑ ተመልሶ ፊቷ ላይ ያርፋል። ልጅ ካለ የትሪ ያዥነት ሥራ ስጡት።

ደረጃ 7፦ ቅጽበቱን ጠብቁ

«እዩኝ፣ ሳቁ» አትበሉ። በተለይ ትልልቅ ሰዎች ካሜራ ሲያዩ ቀጥ ብለው እንደ ወታደር ይቆማሉ። ሥራቸውን ይሥሩ። ፍሬሙን አስተካክላችሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ቡናው ከጀበናው ሲወርድ በተከታታይ አንሱ። ጀበናው ከፍ ሲል፣ ክሩ የመሰለው ቡና ሲኒው ላይ ሲደርስ፣ እሷ ዝቅ ብላ ስታይ፤ ከእነዚህ አንዱ ይገኛል። አቦሉ ካመለጣችሁ ቶና አለ፣ በረካም አለ።

እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ክርኖቻችሁን ጎናችሁ ላይ ወይም ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ። ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ስልኩ ብርሃን ለመሰብሰብ ጊዜ ስለሚወስድ ትንሽ እንቅስቃሴም ፎቶውን ያወዛውዘዋል።

ብዙ ሰው ሲሆን

ትልልቆቹን መሃል አስቀምጡ፤ ወጉም ነው፣ ፎቶውም ያምራል። የቀሩትን አንድ መስመር ላይ አትደርድሩ። የተቀመጠ፣ የቆመ፣ የተንበረከከ ይኑር፤ ጭንቅላቶቹ እኩል ቁመት ላይ አይሁኑ። ትከሻ ለትከሻ ይጠጋጉ፣ ሰውነታቸውን ትንሽ ወደ መሃል ያዙሩ። ጠርዝ ላይ ትንሽ ቦታ ተዉ፣ በኋላ ስትቆርጡ የማንም ክንድ እንዳይሄድ።

ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ፊት ቁጠሩ። ከሰው ጀርባ የተደበቀ አጎት ሁሌ አለ። ደጋግማችሁ አንሱ፤ ሰው በበዛ ቁጥር ዓይኑን የጨፈነ አይጠፋም። እናንተም መግባት ካለባችሁ ስልኩን በብርጭቆ አስደግፉና ሰዓት ቆጣሪውን 10 ሰከንድ ላይ አድርጉት።

ደረጃ 8፦ እዚያው ፈትሹ

ቦታውን ሳትለቁ ፎቶውን ክፈቱና አቅርባችሁ እዩ። ዓይኗ ጥርት ብሏል? አራቱ ማዕዘኖች ንጹሕ ናቸው? ከአናቷ የበቀለ ነገር የለም? አንዱ ከጎደለ እንግዶቹ ሳይነሱ ድገሙት። ቤት ከተገባ በኋላ የተገኘ ጉድለት ብዙ ጊዜ አይስተካከልም።

ደረጃ 9፦ ቁረጡ፣ አቅኑ፣ ላኩ

መጀመሪያ አቅኑት። የግድግዳና የወለል መስመር ካዘመመ ያው ኤዲት ውስጥ ባለው ማስተካከያ ይቃናል። ከዚያ ክሮፕ፦ የማያስፈልገውን ጠርዝ ቁረጡ፣ የመገጣጠሚያውን ሕግ ሳትረሱ። ኢንስታግራም ላይ ለሚለጠፍ 4 ለ 5 የሆነ ቁመታዊ ቅርጽ ስክሪኑን በደንብ ይሞላል፤ ለቲክቶክ 9 ለ 16። ቀለሙን ከመጠን በላይ አታድምቁት። የቄጤማው አረንጓዴ ዓይን መውጋት ከጀመረ አልፋችኋል።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ለማሳተም ወይም ውጭ አገር ላለ ቤተሰብ ለማስቀመጥ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት። ዋናውንም ከስልካችሁ አታጥፉት፤ የተቆረጠው ጠርዝ አንድ ቀን ሊፈለግ ይችላል።